የገዛ ሰፌድን መዋስ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ አበው። ይበሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን አበው ሳይመልሱልን የሄዱት አንድ ጥያቄ አለ። የገዛ ወርቃችሁ በሰው እጅ ሆኖ፣ ለአንድ ቀን ተውሳችሁ ብታጠልቁትስ? ያደምቃል ወይስ አያደምቅም? ለዚህ የሚሆን ተረት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ትንሽ ይቀርበዋል፤ ግን ልክ አልመጣልኝም። እኔ የማወጋችሁ ላም በሰማይ አይደለችም፤ ጊምቢቹ ገበያ ዳር፣ ከአንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለችው። ወተቷም ቢሆን በዓል በዓል ላይ ይገኛል።

ላሟ ሰፌድ ናት።

ሰፌድ ስል እህል የሚነፈስበትን ተራውን ማለቴ አይደለም። በእኛ አካባቢ፣ በተለይ ሀዲያ ቤት፣ ግድግዳ የሚለብሰውን ነው። አንዲት ሴት ስንደዶውን ለቅማ፣ አክርማውን ሰንጥቃ፣ ቀለም ነክራ፣ ወስፌዋን ይዛ ክረምቱን ሙሉ የምታጎነብስበት፤ ቀዩ ከአረንጓዴው፣ አረንጓዴው ከሐምራዊው እየተያያዘ መሐሉ ላይ ኮከብ የሚያወጣ ትልቅ ክብ ነገር ነው። እንጀራ አይቀርብበትም፣ ቆጮ አይቆረስበትም። ይሰቀላል፣ ይታያል፣ አለቀ። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ግድግዳውን ያያል፣ ቀጥሎ የቤቱን እመቤት ያያል፣ ከዚያ ነው ሰላምታ። ባዶ ግድግዳ ያላት ሴት ሙሉ ማጀት ቢኖራት እንኳ ግማሽ ባለሙያ ናት የምትባለው። ይኼ ትክክል ነው አልልም። እንዲህ ነው ግን።

አሁን ደግሞ ስለ መያዣ ትንሽ እንጨዋወት። ከተሜው ባንክ ሄዶ ቤቱን ያስይዛል፤ ከዚያ እዚያው ባስያዘው ቤት ውስጥ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። ጎረቤት ቢሰማበት አያፍርም፤ እንዲያውም «ባንክ ያመነው ሰው» ተብሎ ይከበራል። ጊምቢቹ ያለች እናት ግን ለልጇ ዩኒፎርም ብላ ሰፌዷን ስታስይዝ፣ ነጠላ ደርባበት፣ በጓሮ ዞራ፣ ገበያው ሳሳ እስኪል ጠብቃ ነው ሱቁ የምትገባው። ነገሩ ያው ነው። አንዱ ፋይናንስ፣ ሌላው ችግር ይባላል እንጂ።

የሱቁ ባለቤት አቶ ሄራሞ ይባሉ ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር። ስኳር፣ ጨው፣ የግድግዳ ቀለም፣ ማዳበሪያ፣ ጫማ ይሸጣሉ። የሚከፍለው ያጣ ሰው መያዣ ያመጣል። ሴቶቹ ሰፌድና ሙዳይ ያመጣሉ፣ ሸማኔው ጋቢ ያመጣል። እሳቸው ተቀብለው ከባንኮኒው ጀርባ ግድግዳው ላይ ይሰቅሉታል። ፀሐይ እንዳያገኘው፣ አይጥ እንዳይደርስበት ይጠብቁታል። እንግዳ ቢመጣባቸው እንኳ ከእነዚያ ሁሉ አንዱን ወስደው የራሳቸውን ቤት አያስጌጡበትም። «መያዣ ይጠበቃል እንጂ አይበላበትም» ይሉ ነበር። አንድ ደግሞ ሌላ ደንብ ነበራቸው፤ ይኼኛውን ልብ በሉልኝ። ያስያዘችው ሴት ሠርግ ከመጣባት፣ የሀዲያ ዘመን መለወጫ ያሆዴ ከደረሰ ወይም ልጇን ሽማግሌ ሊጠይቅ ከሆነ፣ መያዣዋን ትዋሳለች። ወስዳ ግድግዳዋን ታለብሳለች፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ትመልሳለች። ፊርማ የለ፣ ምስክር የለ።

ስለዚህ ከተማው ውስጥ የማን ልጅ እንደታጨች ለማወቅ ወሬኛ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። አቶ ሄራሞ ሱቅ ጎራ ብሎ የትኛው ሚስማር ባዶ እንደሆነ ማየት ይበቃል።

አቶ ሄራሞ ሲያርፉ ሱቁን ልጃቸው ታምራት ተረከበ። ታምራት ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይኼን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ እንዳትጠሉብኝ። አዲስ አበባ አካውንቲንግ ተምሮ የተመለሰ፣ ትሁት፣ እሑድ እሑድ በመዘምራን መሐል ቆሞ የሚያሸበሽብ ልጅ ነው። ብቻ አንድ ቀን፣ ለሆቴልና ለእንግዳ ማረፊያ የድሮ ዕቃ የሚሰበስብ ነጋዴ ከአዲስ አበባ በፒክአፕ መጥቶ ሱቁ ውስጥ ቀና አለ። ቀና ብሎም ቀረ። ታምራት ግድግዳው ዋጋ እንዳለው ያን ቀን ገባው። አብዛኛው መያዣ ቀነ ገደቡ ያለፈ ነው፤ አባቱ ቀነ ገደብ ይናገሩ ነበር እንጂ አይቆጥሩም ነበር። ታምራት ቆጠረና የአንዲትን ሴት ሙዳይ ሸጠ። ሴትዮዋ ለያሆዴ ልትዋስ ስትመጣ ሚስማሩን ብቻ አገኘች። ታምራት ሕጉን በትሕትና አስረዳት። እሷም በትሕትና ሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጊምቢቹ ሴቶች እንቅልፍ አጡ።

እኔ በዚህ ውስጥ ምን አገባኝ? ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ከምባታ ውስጥ፣ አንጋጫ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ፀጉሬ ከእኔ ቀድሞ ስለሸመገለ፣ ማንም ጎረቤት ሚስት ሊያገባ ሲያስብ እኔን ያስባል። ዕድሜዬን የሚጠይቅ የለም። ነጭ ፀጉር ካላችሁና ንጹሕ ኮት ካላችሁ ሽማግሌ ናችሁ። በዚህ ዓይነት ነው ብሩክ የመጣብኝ። ብሩክ አንጋጫ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጎረቤቴ ነው። ሆሳዕና ሥልጠና ሄዶ መሠረት ከምትባል ነርስ ጋር ተዋውቆ፣ ሥልጠናው አልቆ መተዋወቁ አላለቀም። መሠረት የምትሠራው ሆሳዕና ሲሆን እናቷ ወይዘሮ ታደለች የሚኖሩት ጊምቢቹ ነው። ባላቸው ሞተዋል።

ሽማግሌ ሆነን የሄድነው እኔና አቶ ሎዳሞ ነን። አቶ ሎዳሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ሲጀምሩ በአማርኛ፣ ሲሞቃቸው በከምባትኛ፣ ልመናው ሲመጣ ደግሞ በሀዲይኛ ይሉታል፤ በሦስቱም አይቸኩሉም። ከአንጋጫ ዶዮገና፣ ከዶዮገና ሆሳዕና፣ ሆሳዕና መናኸሪያ ሌላ ሚኒባስ ለውጠን ጊምቢቹ ገባን። ወይዘሮ ታደለች ተቀበሉን። ከፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ አንድ ሰፌድ ተሰቅሏል፤ እንደሱ ያለ አይቼ አላውቅም። ቀለሙ ዕድሜ ጠግቦ ረጋ ያለ ነው። አቶ ሎዳሞ ንግግራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ እሱን አይተው አፋቸው ለጥቂት ተያዘ። አተካና ቀረበልን፤ ቡላው በቅቤና በአይብ የራሰ ነው፤ በላን፤ ጠየቅን። የልጅቷ አጎት «እንመካከርበታለን» አሉ። የወግ ነው። በመጀመሪያ ቀን ልጁን የሚሰጥ ሰው ልጁ የበዛችበት ብቻ ነው።

በሁለተኛው ጉዟችንም አተካና ቀረበልን። «በጸሎት ላይ ነን» አሉን። እነሱ ፕሮቴስታንት ናቸው፣ እኛ ካቶሊክ ነን፤ በጸሎት ላይ ያለን ሰው ደግሞ ማንም ቶሎ በል አይለውም። በሚቀጥለውም በጸሎት ላይ ነበሩ። አቶ ሎዳሞ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ «እኛም እንጸልያለን፤ የእኛ ግን ማለቂያ አለው» አሉ። በእሳቸው ቤት ይኼ ተግሣጽ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌዎች ሁልጊዜ የምንሠራውን ስሕተት የሠራነው። ምክንያት መፈለግ ጀመርን፤ ምክንያቱንም ልጁ ላይ ፈለግን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኼ ነው። የሃይማኖቱ ነገር እንዳይሆን ብለን ሁለቱን ወጣቶች ጠየቅናቸው፤ እሱን ከእኛ በፊት ጨርሰውታል። እንግዲያው ፀጉሩ ነው፤ ብሩክ ጎፈሬውን ተቆረጠ። አልመለሱልንም። ቤቱ ወለሉ አፈር ስለሆነ ነው ተባለ፤ ሲሚንቶ አስደረገ። «እንመካከራለን» ተባልን። አቶ ሎዳሞ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከርመው «ሞተሩ ነው፤ የትኛዋ እናት ናት ልጇን ሞተር ላይ አፈናጥጦ ለሚሄድ የምትሰጥ?» አሉ። ብሩክ ሞተሩን ሸጠ። ያን ሞተር ምን ያህል እንደሚወድ አንጋጫ ታውቃለች። ልጁ በእኛ ምክር እየተሻሻለ እየተሻሻለ ሄዶ፣ በመጨረሻ አንጋጫ ውስጥ ያሉ ሌሎች እናቶች ስለ እሱ መጠያየቅ ጀመሩ። ጊምቢቹ ግን ወይ ፍንክች!

እናንተ ብትሆኑ ተስፋ ትቆርጡ ነበር። አቶ ሎዳሞ እምቢ አሉ። «አንዴ የያዝኩትን ሽምግልና ለቅቄ አላውቅም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። እኔም እልህ ያዘኝ። እንዲህ ዓይነት ሰፌድ የሰቀለች ሴት እንዲህ ዓይነት አተካና እያበላች እምቢ ልትለን አትችልም፤ አንድ ነገር አለ አልኩ። አንድ ነገርስ ነበረ።

አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ባዶ እጃችንን ከጊምቢቹ ስንመለስ፣ አቶ ሎዳሞ ሆሳዕና ዘመድ ጥየቃ ሄዱና እኔ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። መሠረት ከሥራ ወጥታ ፈልጋኝ መጣች። ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ ብሩክ ሞተሩን ሸጠ የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን?»

«እናትሽ ሞተር የሚጠሉ መስሎን።»

ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ።

«እማዬ ሞተር አትጠላም። እሱንም አትጠላም፤ እንዲያውም ስለ እሱ ስታወራ ‹ልጄ› ነው የምትለው። ሰፌዱ ነው ጋሼ።»

«የቱ ሰፌድ?»

«ግድግዳው ላይ ያለው። የእኛ ነው፤ ግን መያዣ ነው።»

ነገሩን ከሥሩ ነገረችኝ። ሰፌዱን የሠሩት አያቷ ናቸው፤ ለወይዘሮ ታደለች ሲዳሩ የሰጧቸው ነው። አባቷ በታመሙበት ዘመን እሷ ነርሲንግ ልትማር ገባች፤ ወይዘሮ ታደለች ለትምህርቷ ሰፌዱን አቶ ሄራሞ ዘንድ አስያዙ። አባቷ ሞቱ፤ ሰፌዱ እዚያው ቀረ። ሽማግሌ ይመጣል ሲባል እናትየው እንደ ደንቡ ተውሰው አመጡት። ታምራት ያን ሙዳይ የሸጠው ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ታደለች ሰፌዱን መመለስ ፈሩ። ዝም ብሎ ማስቀረትም አይሆንላቸውም፤ ሌብነት ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በምን ፊታቸው ይገባሉ? ደንቡ ደግሞ «ጉዳዩ ሲያልቅ» ነው የሚለው።

«ስለዚህ ጉዳዩ አያልቅም» አልኩ።

«ስለዚህ አያልቅም» አለች።

እኔ ሽማግሌ፣ ባለ ነጭ ፀጉር፣ ብሩክን ፀጉር ሳስቆርጥ ሲሚንቶ ሳስለስን የከረምኩ ሰው፣ ሻይዬ ቀዘቀዘብኝ። የወይዘሮ ታደለችን ብልሃት አደነቅሁ፤ ደግሞም አዘንኩ። ሰፌዱን ለማዳን ልጃቸውን አንጠልጥለዋት ነበር፤ ይኼን ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም። ልጅቷን ከዚያ ሰፌድ አስበልጠው እንደሚወዷት ቤታቸውን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ግን ልጅ አይሸጥባቸውም፤ ሰፌድ ይሸጥባቸዋል። ሰው የሚጠብቀው የሚወደውን ሳይሆን ሊነጠቅ ያለውን ነው።

«እንግዲያው እኛ እናስለቅቀዋለን፤ ብሩክ ዕዳውን ከከፈለ...» ማለት ጀመርኩ።

«እንዳትሞክሩት ጋሼ!» አለች። «‹ታደለች ልጇን በሰፌድ ለወጠች› ከሚሏት እማዬ ብትሞት ይሻላታል። እኔም ብሆን። እማዬ በእጇ ሠርታ ነው የምታስለቅቀው፤ አዲስ ሰፌድ ጀምራለች።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«በእኔ ምክንያት የገባ መያዣ ነው። እኔው እመልሰዋለሁ። እናንተ ቅዳሜ ኑ፤ ጠዋት ከእናንተ በፊት ሱቁ አደርሰዋለሁ።»

«ሰውየው ቢሸጠውስ?»

«ቢሸጠው አንድ ሰፌድ ሸጠ። ካልመለስነው ግን ሌቦቹ እኛ ነን።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁላት። ሌላ ቀን እንድታደርገው ልመክራት ፈለግሁ፤ ምክር ሥራዬ ነው። ፊቷን ሳየው ግን ተውኩት።

ቅዳሜ ጊምቢቹ ገበያ ነው። ከሚኒባስ ስንወርድ አቶ ሎዳሞ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ነበር፤ እኔ በዓይኔ ስፈልግ መሠረትን አየኋት። ሰፌዱን ደረቷ ላይ አቅፋ በገበያው መሐል ትመጣለች። ነጠላ የለበትም። ይኼን እዚያ አገር ያልኖረ ሰው አይረዳውም። መያዣ ሲገባም ሲወጣም ተሸፍኖ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም እንዳላየ ይሆናል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ይቺ ልጅ ግን ቀዩንና ሐምራዊውን ፀሐይ ላይ ገልጣ፣ ቅቤ ከሚሸጡት፣ ሽንኩርት ከሚሸጡት ሴቶች መሐል ቀስ ብላ አለፈች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አንዳንዶቹ ተነሥተው ተከተሏት። ለምን እንደተከተሏት ለመረዳት ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም፤ የእያንዳንዷ ሰፌድ ወይም የእህቷ ሙዳይ እዚያ ግድግዳ ላይ ነው ያለው።

እኔም ተከተልኩ። ሱቁ በር ላይ ፒክአፑ ቆሟል። ነጋዴው ባንኮኒውን ተደግፎ ቁልፉን ያሽከረክራል፤ ታምራት መሰላል ላይ ነው።

«ታምራት» አለች መሠረት።

ዞረ። መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ሰፌዱን፣ ቀጥሎ በሩን የሞሉትን ሴቶች አየ። ከመሰላሉ ወረደ።

«መያዣችንን አምጥቼልሃለሁ። ሳትጠይቀን ነው ያመጣሁት። አባትህ ሲቀበሉን ‹እጠብቅላችኋለሁ› ብለውን ነበር። ጠብቅልን።»

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ነጋዴው ከመደገፊያው ተነሥቶ ጎንበስ አለ፤ በጣቱ ኮከቡን ዳሰሰ። «ይኼን እኔ እወስደዋለሁ» አለ። ደስ የሚል ሰው ነው፤ ክፋት የለበትም፤ ሱቅ ውስጥ ነው ያለው፤ ሱቅ ውስጥ ያለ ነገር የሚሸጥ ይመስለዋል።

ታምራት መልስ ለመስጠት ጊዜ ወሰደ። እኔ አካውንታንት ሲያስብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰፌዱን ከሸጠው ትርፉ ዛሬ ኪሱ ይገባል። ነገር ግን ከነገ ጀምሮ ከጊምቢቹ ሴቶች አንዷም የተዋሰችውን አትመልስም፤ አንድም አዲስ መያዣ አታመጣም፤ መያዣ ካላመጣች ስኳሩንም ማዳበሪያውንም ከሌላ ሱቅ ትወስዳለች። በሩ ላይ ያሉት ሴቶች ደግሞ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እሱ ነው የባሰው፤ ቢጮሁ ኖሮ ይከራከራቸው ነበር።

«ይኼ አይሸጥም» አለ በመጨረሻ። «ባለቤት አለው።»

ሰፌዱን አንሥቶ መሰላሉን ወጣ፤ ከላይኛው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ደግነት ነው አልላችሁም፤ ሒሳብ ነው። ግን ሒሳብም አንዳንዴ በትክክል ሲሠራ ከደግነት ጋር መንገድ ላይ ይገናኛል። አቶ ሎዳሞ ከኋላዬ ቆመው «ምንድን ነው የሆነው?» ይሉኛል። ሽምግልናው ከሁለታችን እጅ ወጥቶ በልጅቷ እጅ እንደገባ መንገድ ለመንገድ አስረዳኋቸው፤ ደስ አላላቸውም።

ወይዘሮ ታደለች ቤት ስንደርስ ቀድመው አልሰሙም ነበር። ከማድ ቤት ሳህን ይዘው ገቡ፤ እኛን ሰላም ሊሉ ቀና ሲሉ ግድግዳው ባዶ ነው። ሰፌዱ የነበረበት ቦታ ጭስ ሳይነካው ክብ ሆኖ ነጥቷል። ሳህኑን አልጣሉትም። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ያ ክብ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ቆሙ። በሕይወቴ ብዙ የተራቆተ ቤት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያሳፈረኝ የለም፤ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

«እማዬ፣ መልሼዋለሁ» አለች መሠረት።

«ሸጠው?»

«ሰቀለው። ባለቤት አለው ብሎ ሰቀለው። ገበያው በሙሉ አይቷል።»

ወይዘሮ ታደለች ወንበር ስበው ተቀመጡ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ አጎት ዞረው፣

«በል እንግዲህ መልሳቸውን ስጣቸው። ሰዎቹ መንገድ አለባቸው» አሉ።

አጎትየው ጸሎቱ ማለቁን አበሰሩን። ሠርጉ ላይ እኔና አቶ ሎዳሞ ስለ ትዕግሥታችንና ስለ ብልሃታችን ጋቢ ተሸለምን፤ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አቶ ሎዳሞ ጭብጨባውን በሦስት ቋንቋ አመሰገኑ። እኔም ጋቢውን ተቀበልኩ። አልመልሰውም፤ አንጋጫ ትበርዳለች።

ሰፌዱ ለሠርጉ ተውሶ መጣ፤ በማግስቱ ወይዘሮ ታደለች ራሳቸው መለሱት። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ አጎነበሱ። ሠሩ፤ ሆሳዕና ወስደው ሸጡ፤ እንደገና ሠሩ። መሠረት ላግዝሽ ብትል «ባልሽን አግዢ» አሏት። መስከረም ላይ ሰፌዳቸውን አስለቅቀው ቤታቸው አስገቡት። ሌሎቹም ሴቶች እልህ ተጋብተው ነው መሰል የየራሳቸውን አስለቀቁ፤ የታምራት ግድግዳ ሚስማር ብቻ ሆነ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ነገር ግን ብድር በምድር ነው፤ መሠረት ደውላ የቀረውን የነገረችኝ ሰሞኑን ነው። ታምራት ሆሳዕና እጮኛ ይዟል። አማቾቹ «ቤቱን መጥተን እናያለን» አሉት። ቤቱ አዲስ ነው፤ ሶፋ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ ግድግዳው ግን ባዶ ነው። የልጅቷ እናት ደግሞ የድሮ ሀዲያ ናት፤ መጀመሪያ የምታየው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ታምራት ወይዘሮ ታደለች ቤት ሄደ። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ቀና ብሎ ሰፌዱን አየ፤ አንገቱን ደፋ።

«እማማ፣ ለአንድ ቀን ቢያውሱኝ።»

«አውስሃለሁ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ታደለች። «ምን ታስይዘኛለህ?»

ታምራት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ተነሥተው ሰፌዱን ከግድግዳው አወረዱ፤ በነጠላ ጠቀለሉ፤ ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። ልጁ ኪሱን ዳበሰ፤ ከስልኩ በስተቀር ምንም አልያዘም። የሱቁ ደንበኛ፣ ባንኩ፣ ነጋዴው፣ እጮኛው ሳትቀር እዚያ ስልክ ውስጥ ናቸው። አውጥቶ ሰጣቸው። አማቾቹ መጡ፤ ግድግዳውን አዩ፤ በሉ፤ ጠጡ። ይበልጥ የወደዱት ግን፣ አሉ፣ ምሳ ላይ አንዴም ስልክ አለመንካቱን ነው፤ እንደሱ ያለ ረጋ ያለ ልጅ በዚህ ዘመን አይገኝም ተባለለት።

በማግስቱ ሰፌዱን ይዞ መጣ። ወይዘሮ ታደለች ተቀብለው ብርሃን ወዳለበት አወጡት፤ ጠርዙን ዙሪያውን በጣታቸው ዳሰሱ፤ ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ከሰቀሉት በኋላ ስልኩን ከሙዳያቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ሲጮህ ነው ያደረው» አሉት። «አልነካሁትም። መያዣ ነው።»